የታዋቂ ሰዎች ፍቺ ዜና ሲሆን፦ ሕዝብ የሚጠይቀውና ችሎት የሚጠይቀው

የአንድ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ትዳር መፍረሱ በቲክቶክ ከተሰማ ሰዓታት ሳይቆጠሩ አስተያየት ሰጪው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «እሷ ናት ያፈረሰችው» ይላል፣ ግማሹ «እሱ ነው»። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ነው፦ ማን ከዳ፣ ማን ቀድሞ ከቤት ወጣ፣ ማን ማንን ከምን አንስቶ ለወግ ለማዕረግ አበቃ። ይህን ሲከታተሉ የከረሙ ባለትዳሮችም የራሳቸው ጎጆ ሲናጋ የሚዘጋጁት ለዚሁ ጥያቄ ነው፤ የበደላቸውን ዝርዝር ይዘው ችሎት ይቀርባሉ። ዳኛው ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጋብቻው መቼ ተፈጸመ? ቤቱ መቼ ተገዛ፣ በማን ገንዘብ? ማስረጃው የት አለ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው፣ አሁን ከማን ጋር ይኖራሉ?

ጥፋተኛ ፍለጋው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ምክንያቶችን «ከባድ» እና «ሌላ» ብሎ ይከፍል ነበር። ጉዳዩን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ሀብቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ስለዚህ በወላጆቻችን ዘመን «ጥፋቱ የእሱ ነው» ብሎ መከራከር ለንብረትም ያዋጣ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ለወጠው። ዛሬ የጋራ ንብረት በእኩል ይካፈላል፤ የከዳውም የተከዳውም ድርሻ ግማሽ ነው። ጥፋት ቦታ ያለው በአንቀጽ 84 ነው፦ ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ተጋቢ ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ ለተጎዳው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወስንበት ይችላል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት፤ ቤቱን ከግማሽ ወደ ሙሉ አያሳድገውም።

አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ይቀራረባሉ፤ ሆኖም የአንቀጹ ቁጥርና ዝርዝሩ ስለሚለያይ በክልል የሚኖር ሰው የክልሉን አዋጅ ማየት ይኖርበታል። እዚህ የምንጠቅሳቸው አንቀጾች የፌዴራሉ ናቸው።

የአካሄዱ ነገር ብዙ ሐተታ አይፈልግም። ፍቺ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ መለያየት ትዳሩን በሕግ አያፈርሰውም። መንገዱ ሁለት ነው፦ ተስማምተው ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤት አቅርበው ማጸደቅ፣ ወይም አንዱ ወይም ሁለቱም የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ። በስምምነቱ መንገድ ምክንያት አውጥቶ መናዘዝ ግድ አይደለም፤ የንብረቱና የልጆቹ ጉዳይ ግን አብሮ መጻፍ አለበት። በሁለቱም መንገድ ፍርድ ቤቱ ሐሳባቸውን እንዲቀይሩ ሊያነጋግራቸው፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። አቤቱታ ሲቀርብ ወዲያውኑ ሊሰጥ የሚገባ ጊዜያዊ ትእዛዝ አለ፦ ልጆቹ ከማን ጋር ይቆዩ፣ ቀለብ በምን ያህል ይከፈል፣ ንብረቱን ማን ያስተዳድር። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ፍርዱን ይጠብቃል። በመሀል ባሉት ወራት የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በአንዱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ የተከፈለውን በኋላ ማስመለስ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው።

ወደ ንብረቱ እንግባ፤ ጭቅጭቁ የሚጠነክረው እዚህ ነው። ሕጉ ሁለት መደብ ያውቃል። የግል የሚባለው በጋብቻው ዕለት በእጅ የነበረና ከዚያ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘው ሌላው ሁሉ በመርህ ደረጃ የጋራ ነው። ሁለቱም ተጋቢዎች በጉልበታቸውና በሙያቸው የሚያገኙት ገቢ፣ አልፎም ከግል ንብረታቸው የሚያፈሩት ገቢ፣ የጋራ ይሆናል። አንቀጽ 62 ላይ ያለው ይህ የመጨረሻው ሐረግ በታዋቂ ሰዎች ትዳር ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ያም ሆኖ ሲጠቀስ አይሰማም።

አንድ ድምፃዊ አልበሙን ያወጣው ከማግባቱ በፊት ነው እንበል። የሥራው መብት የግሉ ነው። በትዳሩ ዘመን ከዚያ አልበም የሚገባው ገንዘብ ግን የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የተሠራ ቤት ተከራይቶ ኪራዩ በየወሩ ቢገባ፣ ቤቱ የግል፣ ኪራዩ የጋራ ነው። በእርግጥ የሚካፈለው በፍቺው ጊዜ ያለው ነው፤ ለቤቱ ወጪ የዋለው ተመልሶ አይቆጠርም። የዩቲዩብ ቻናልም እንዲሁ ነው። አካውንቱ በአንዱ ስም ይከፈት እንጂ በትዳር ውስጥ ተለፍቶበት ያደገ ከሆነ ገቢው የጋራ ነው። ገቢውንም መደበቅ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፦ የማስታወቂያ ክፍያው 100 ዶላር ሲሞላ ከፈረንጆቹ ወር 21 እስከ 26 ባሉት ቀናት ውስጥ ይላካል፤ በባንክ በኩል ሲገባ የባንክ መግለጫው ላይ በየወሩ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይታያል። ቻናሉን ራሱን ለሁለት መሰንጠቅ ስለማይቻል ሁነኛው መፍትሔ አንዱ ቻናሉን ወስዶ ለሌላው ግምቱን መክፈል፣ አለዚያም ለተወሰነ ዘመን ገቢውን መካፈል ነው። ይህን በስምምነት መጻፍ ለዳኛ ከመተው ይሻላል፤ የተመልካች ብዛትን በብር የሚተምን ባለሙያ ማግኘት ራሱ ጊዜ ይበላል።

በጣም ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን አንቀጽ 58 ነው። አትሌቱ ከማግባቱ በፊት በሩጫ ያገኘው የሽልማት ገንዘብ የግሉ ነው። በዚያ ገንዘብ ከጋብቻ በኋላ ሕንፃ ቢገዛ፣ ሕንፃው በራሱ ጊዜ የግል አይሆንም። ሕጉ የሚለው፣ በግል ገንዘብ የተገዛ ወይም በግል ንብረት የተለወጠ ነገር የግል የሚሆነው ከተጋቢዎቹ አንዱ አመልክቶ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ውሳኔው ከሌለ ንብረቱ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን «በሰላም ጊዜ ፍርድ ቤት መሄድ ነውር ነው» ብሎ ይተወዋል። አመቺው ጊዜ ግን ግዢው የተፈጸመበት ሰሞን ነው፦ የድሮው ቤት የሽያጭ ውል፣ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ፣ የአዲሱ ግዢ ክፍያ ቀን ሦስቱም እጅ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ተጋቢዎች አንድ ቃል ይናገራሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ውሉ ይጠፋል፣ ምስክሩ ይረሳል፣ ገንዘቡ ከደመወዝና ከብድር ጋር ተቀላቅሎ ከየት እንደመጣ ማሳየት ያዳግታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድን መሣሪያ አለ፤ የጋብቻ ውል። ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይደረጋል፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ብዙዎች ቤት ውስጥ በደብተር ላይ ተፈራርመው «ተስማምተናል» የሚሉት ወረቀት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። በሀገራችን የጋብቻ ውል ማንሳት አለማመን ተደርጎ ይታያል። እንደ እኔ ግን ሁለት ሰዎች በሚዋደዱበት ጊዜ የሚጽፉት ወረቀት ሲጣሉ ከሚጽፉት ሁሉ ይልቅ ለሁለቱም ርኅራኄ ያለው ነው።

ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። አንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝም የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። የቤት ካርታም ሆነ የመኪና ሊብሬ በዚህ ያው ናቸው። ኮንዶሚኒየም ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። በ1997 ዓ.ም. ወይም በ2005 ዓ.ም. ነጠላ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ዕጣው የወጣለት ካገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ምዝገባው ከጋብቻ በፊት ነው፤ የሽያጭ ውሉና የባንክ ብድሩ ግን በጋብቻ ውስጥ። እዚህ ላይ ክርክሩን የሚመዝኑት ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ ቅድመ ክፍያው የተጠራቀመው መቼ እንደሆነ፣ ወርሃዊ ክፍያውም ከየትኛው ገቢ እንደወጣ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። ስለዚህ የቁጠባ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መያዝ፣ ከባንኩም የሙሉ ዘመኑን መግለጫ አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ስም ግን በሌላ በኩል ይጎዳል፤ ከሦስተኛ ወገን ጋር ሲሆን። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደርና ዋስ መሆን፣ ከ100 ብር በላይ ስጦታ መስጠትም ቢሆን በአዋጁ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ መጠኑ በ1992 ዓ.ም. የተጻፈ ስለሆነ ዛሬ የማይነካው ውል የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ያለሌላው ስምምነት ከሸጠ፣ ሌላው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ አለበት። ቀኑ ካለፈ መብቱ ያልፋል። ችግሩ የሚፈጠረው ጋብቻው ያልተመዘገበ ሲሆን ነው። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሙሉ ጋብቻ ነው፤ ሕጉ ግን በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም ይመዝገብ ይላል። ካልተመዘገበ ሻጩ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አውጥቶ ቤቱን ብቻውን ሊሸጠው ይችላል፤ ገዢውም በቅን ልቦና ገዛሁ ሲል ሚስት ወይም ባል ከማያውቁት ሰው ጋር ይካሰሳሉ። ቅዱስ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ ኒካህ በመስጊድ የፈጸሙ ሁሉ በወረዳቸው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ያለባቸው ለዚህም ጭምር ነው።

ፍቺ ሲታሰብ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቪዲዮ መቅዳት ሳይሆን ውክልና ማየት ነው። ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላው፣ ለወንድምና ለእህት የሰጡት የቆየ ውክልና አለ። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ግን ብዙዎች «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚል ቃል አስገብተው ሰጥተዋል። እሱን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርቦ መሻር፣ መሻሩንም ለተወካዩ ማሳወቅ ይገባል። ሁለተኛው ከአቤቱታው ጋር አብሮ የእግድ ጥያቄ ማቅረብ ነው። እግድ በጥቅሉ «ንብረቱ ይታገድልኝ» ቢባል አይሠራም፤ የካርታ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የባንኩና የቅርንጫፉ ስም ይፈለጋል። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላም ወደ መሬት አስተዳደሩ፣ ወደ ትራንስፖርት ቢሮውና ወደ ባንኩ ደርሶ መዝገብ ላይ መስፈሩን መከታተል የአመልካቹ ፋንታ ነው። ታግዷል ተብሎ የተሸጠ ቤት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ቢሮው ሳይደርስ የቀረበት ታሪክ ነው።

ዕዳም ይካፈላል። ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ፣ ማለትም ለምግብ፣ ለኪራይ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ከጋራ ንብረቱም ከሁለቱም የግል ንብረት ሊጠየቅ ይችላል። ለውድ ሠርግና ለቤት ዕቃ የተበደሩት ገንዘብ ፍቺ ላይ ሲደርሱ ያልተከፈለ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም።

ሠርግ ሳይደረግ፣ ወረቀትም ሳይኖር አብረው የሚኖሩትስ? ሕጉ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቀዋል። ግንኙነቱ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ይህ ጥበቃ የለም፤ እያንዳንዱ ያዋጣውን ማስረዳት ይኖርበታል። በማኅበራዊ ሚዲያ «ባለቤቴ» እየተባባሉ የለጠፉት ፎቶና የልደት በዓል እዚህ ላይ ለአንዱ ወገን ማስረጃ ይሆናል፤ ቀን ስላለው ከምስክር ቃል ይልቅ ግልጽ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ብዙ የሀገራችን ታዋቂ ሰዎች ትዳራቸው በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ወይም በዱባይ መካከል የተዘረጋ ነው። አሜሪካ የተሰጠ የፍቺ ፍርድ አዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ አያካፍልም። የውጭ ሀገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ በተጻፈው መሠረት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ከመስፈርቶቹ አንዱ ያ ሀገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ነው፤ ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ሰነዶቹ በዚያ ሀገር ተረጋግጠው፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አልፈው፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠው፣ ወደ አማርኛ ተተርጉመው መቅረብ አለባቸው። በዚህ ምክንያት ሁለቱም የሚስማሙ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ንብረት ለብቻው ውል አዘጋጅቶ እዚሁ ማጸደቁ ወራትን ያድናል።

ከሆሊዉድ ዜና የተወረሰ አንድ ግምትም አለ፦ ሀብታሙ ተጋቢ ለሌላው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፍላል የሚል። በእኛ ሕግ የተጋቢዎች ቀለብ ከትዳሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከፍቺ በኋላ የሚቀጥለው የልጅ ቀለብ ነው። ሥራዋን ትታ ልጅ ስታሳድግ ለቆየች ሴት ይህ ከባድ ነው፤ ሊሻሻል ይገባዋል ብለን እናምናለን። እስከዚያው ግን የንብረት ክፍፍሉ ላይ የምትደርስበት ስምምነት ለቀጣይ ኑሮዋ ዋናው መሠረት መሆኑን አውቃ መቀመጥ አለባት።

ልጆቹን በተመለከተ የቆየው ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በመርህ ደረጃ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር፤ ዛሬም «ሕፃን የእናት ነው» የሚባለው ከዚያ የቀረ ነው። አሁን ያለው ሕግ እንዲህ ያለ ዕድሜ አላስቀመጠም። ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ነው። ገቢ ብቻውን አይወስንም፤ ገቢ ያለው ቀለብ ሊከፍል ይችላልና። በተግባር ክብደት የሚሰጠው የዕለት ተዕለት ኑሮው ነው፦ ማን ከትምህርት ቤት ያመጣዋል፣ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ ማን የወላጅ ስብሰባ ላይ ይገኛል። ስምምነት ሲጻፍ «በፈለገ ጊዜ ይጎበኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለጠብ በር ይከፍታል። ቀኑን፣ የሚረከቡበትን ሰዓትና ቦታ፣ የገናን፣ የፋሲካን ወይም የዒድን በዓል ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ፣ የክረምቱን እረፍት አከፋፈል፣ ከሀገር ለመውጣትም የሁለቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መጻፍ ይገባል።

ዝናን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ምስሉን ለማውጣት የሰውየው ታዋቂነት በቂ ምክንያት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። ታዋቂው ግን እሱ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነችው ሚስቱ ወይም የሰባት ዓመት ልጁ አይደሉም። ምስሉ በገንዘብ ጥቅም ላይ ከዋለ፣ ያወጣው ሰው ያገኘውን ጥቅም ያህል እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ለሞራል ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን በዚሁ ሕግ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። የ1952 ዓ.ም. ብር ነው፤ ዛሬ ስሙ ለጠፋ ሰው ምንም አይደለም። ጠንከር ያለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው፦ ክብርን የሚነካ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ያሰራጨ ሰው ተጎጂው አቤት ሲል እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ይጠብቁታል። ይህ ለተመልካችም ይሠራል፤ የሰማውን ስድብ ቆርጦ ያጋራ ሰው «የኔ ቃል አይደለም» ብሎ በቀላሉ አያመልጥም።

ባለጉዳዮቹም ራሳቸው ብዙ ያጣሉ። በቀጥታ ስርጭት «ቤቱን እኮ አብረን ነው የሠራነው» ያለ ሰው ችሎት ቀርቦ የግሌ ነው ሲል ያ ቪዲዮ ይቀርብበታል። ልጁን ካሜራ ፊት አቁሞ «አባትሽ ምን አደረገሽ?» ያለ ወላጅም አሳዳጊነት ሲጠየቅ ይቆጠርበታል፤ ሊቆጠርበትም ይገባል።

በስምምነት የሚፋቱ ጥንዶች ስለዚህ ከንብረቱና ከቀለቡ ቀጥሎ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ፣ ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቀው እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ የጣሰውን ለማስገደድም ወደ አፈጻጸም ችሎት መሄድ ይቻላል። «አንዳችን የሌላውን ስም አናነሳም» ማለት በቂ አይደለም። በስም የተጠቀሱ አካውንቶች ይኑሩበት፤ የልጆቹ ፎቶና ድምፅ በማንኛውም ገጽ ላይ እንዳይወጣ፣ የነበሩት በ15 ወይም በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሱ፣ ሌላ ሰው ለቃለ መጠይቅ ቢጋብዝ ስለ ልጆቹና ስለ ክሱ እንዳይነገር ይጻፍ። የልጁ ስም ያለበት ቻናል ካለ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚሆንና ያፈራው ገንዘብ በልጁ ስም በተከፈተ የትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባም አብሮ ይወሰን።